አገር መውደድ፣ እምነትና የተለያየ የፖለቲካ አመለካከት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉን?

የስድስት ኪሎ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንደኛ ዓመት በምንወስደው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ትምህርት ውይይት በተነሣ ቁጥር ስለ አንድነት የተናገረ «የድሮ ሥርዓት ናፋቂ»፣ የብሔሩን በደል ያነሣ «አገር አፍራሽ» ይባላል፤ ከእምነቱ ተነሥቶ የተናገረ ደግሞ እምነቱን ቤቱ እንዲተው ይነገረዋል። መምህራችንም ጠብ እንዳይነሣ በመስጋት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋሉ። ዩኒቨርሲቲ የአገር ፍቅርን እያስተማረ ለሁሉም አመለካከት ቦታ ሊሰጥ ይችላልን? ሕጉስ ምን ይላል?

መምህር ከአራት ኪሎ፦
የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ይደነግጋል። በእኔ አረዳድ ይህ ግዴታ የተጣለው በተቋሙና በመምህሩ ላይ ነው፤ የተማሪው እምነትና አመለካከት ግን በአንቀጽ 27 እና 29 የተጠበቀ መብቱ ስለሆነ፣ «እምነቴ እንዲህ ያስተምረኛል» ብሎ የመናገር መብት አለው፤ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነው ጓደኛውም ምክንያቱን የመጠየቅና የመቃወም መብት አለው። እኔ በክፍሌ ተማሪው መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃዋሚውን ሃሳብ፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ እንዲያስረዳ እጠይቃለሁ። ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን ስም መለጣጠፍን በእጅጉ ይቀንሳል።

የቀድሞ ተማሪ፦
ልጄ፣ የምትማርበት ግቢ ራሱ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት ዛሬ ስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት፣ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ሲያነሣ የደገፉትም የተቃወሙትም ስለ አገራቸው የሚጨነቁ ወጣቶች ነበሩ። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ተገደለ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ከዚያው የተማሪዎች እንቅስቃሴ የወጡት ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት የፖለቲካ ድርጅቶች፣ ሁለቱም ለሕዝብ እንቆማለን እያሉ፣ እርስ በርስ እስከ መገዳደል ደረሱ። ያ ትውልድ የአገር ፍቅር አልጎደለውም፤ የጎደለው ከእርሱ የተለየ ሃሳብ ያለው ሰውም አገሩን ሊወድ እንደሚችል ማመን ነበር።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እምነት ክርክርን ይዘጋል የሚለው አስተያየት ያሳዝነኛል። በቤተ ክርስቲያናችን የአንድምታ ትርጓሜ ውስጥ አንድ ቃል ብዙ ፍቺ ይሰጠዋል፤ የኋለኛው የፊተኛውን ሳይሽር ሁሉም ጎን ለጎን ተጠብቀው ይነገራሉ። በቅኔ ቤትም ደቀ መዝሙር የተቀኘው በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይመረመራል፤ ይታረማልም።

ሌላ ተማሪ፦
መምህር የገለጹት መንገድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተማሪ ዝም የሚለው ክፍል ውስጥ ስም እንዳይሰጠው በመፍራት ብቻ አይደለም። ማታ ወደ ዶርም ሲመለስ አብረውት የሚያድሩት ምን እንደሚሉት ያስባል፤ ውጤቱም እንዳይነካ ይሰጋል። ስለዚህ መምህራን ጽሑፋችንን በምን መስፈርት እንደሚያርሙ፣ ማለትም ለማስረጃው፣ ለአቀራረቡና ተቃራኒውን ሃሳብ በአግባቡ ለመግለጹ ስንት ነጥብ እንደሚሰጡ፣ ሴሚስተሩ ሲጀምር በጽሑፍ ቢያሳውቁን ብዙዎቻችን ቢያንስ በወረቀት ላይ የምናምንበትን ለመጻፍ እንደፍራለን።