ማገጃ የሌለው የክፍያ መንገድ ያልከፈለውን በምን ይለያል?

ጠያቂ (ጎንደር፣ አዘዞ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጎንደር ወደ አዳማ ጭነት የሚያመላልሱ መኪኖች አሉኝ። ሾፌሮቼ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚያማርሩት በክፍያ በሩ ላይ በሚፈጠረው ሰልፍ ነው። በሌላ አገር መኪናው ሳይቆም ክፍያው በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይሰበሰባል ይባላል፤ ማገጃው ከተነሣ ያልከፈለው በምን ይታወቃል?

መልስ 1፦ ከመንገዱ በላይ የተሰቀሉ መሣሪያዎች በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን መለያ በሬዲዮ ሞገድ ያነባሉ፤ መለያ የሌለውን መኪና ካሜራ ሰሌዳውን አንሥቶ ሂሳቡ ለባለቤቱ እንዲላክ ያደርጋል። የካናዳው 407 መንገድ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተከፈተ ጀምሮ የክፍያ በር የለውም።

መልስ 2፦ ለንደን አጠገብ በሚገኘው የዳርትፎርድ መሻገሪያ ማገጃው እ.ኤ.አ. በ2014 ተነሥቶ፣ አሽከርካሪው እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት ድረስ እንዲከፍል፣ ካልከፈለም እንዲቀጣ ተደርጓል። መጨናነቁ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ በር ማንሣት መንገድ አያሰፋምና። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ በእኛ አገር መኪና በውክልና እየተሸጠ ስሙ ሳይዛወር ስለሚቆይ፣ ሂሳቡ የሚደርሰው ከዓመታት በፊት ለሸጠው ሰው ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ ገንዘቡ አስቀድሞ በቴሌብር ቢሞላስ?

መልስ 2፦ መለያ ለለጠፈው ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ግን የሰሌዳ መዝገቡ የአሁኑን ባለቤት በትክክል ማሳየት አለበት።