የሪዮው የክርስቶስ ሐውልት በማን ብር ተሠራ? መዋጮ ይቅደም ወይስ ንድፍ?

ገንዘብ_ያዡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትውልድ ከተማችን ላይ የአርበኞች ሐውልት እናቁም ብለን ኮሚቴ ካቋቋምን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እስካሁን ስብሰባ እንጂ ሌላ ያቆምነው ነገር የለም። ግማሹ «መጀመሪያ ብር ይሰብሰብ፣ ቀራፂ በኋላ ይፈለጋል» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ሰው ምኑን አይቶ ነው ብር የሚያወጣው? ንድፉ ይቅደም» ይላል። ባለፈው እሁድ በዚሁ ጉዳይ ሦስት ሰዓት ተጨቃጭቀን፣ ቡናውም ቀዝቅዞ ተበተንን።

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተራራው ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመው የክርስቶስ ሐውልት በሕዝብ መዋጮ እንደተሠራ አነበብኩ። ያውም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሀል፣ ቴሌብር በሌለበት ዘመን። እንዴት አድርገው ነው? ቅደም ተከተሉን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ ቀለል አድርጉልኝ።

አርማታ_ብቻ፦
ወንድሜ፣ ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ቦታው! ብራዚሎቹ መጀመሪያ የጨረሱት የቦታውን ጉዳይ ነው። (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) አገሪቱ በ1889 ሪፐብሊክ ስትሆን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ተለያዩ፤ ስለዚህ ካቶሊኮቹ ተነስተው ተራራ ላይ ሐውልት መትከል አይችሉም። ፊርማ አሰባሰቡ፣ በተለይ ሴቶቹ በሺዎች ፈርመው ለፕሬዚዳንቱ አስገቡ። ፈቃዱ ተገኘና በሚያዝያ 1922፣ ብራዚል ነፃ የወጣችበት መቶኛ ዓመት በሚከበርበት ዓመት ማለት ነው፣ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ።

የመሠረት ድንጋይ ተጣለ ማለት ግን ሥራ ተጀመረ ማለት አይደለም፣ እሱንማ እኛም አገር እናውቀዋለን። በ1923 «የሐውልት ሳምንት» ብለው በመላ አገሪቱ መዋጮ ጠሩ። ግንባታው የተጀመረው በ1926 ነው። የተመረቀው ጥቅምት 12 ቀን 1931። ስለዚህ የእናንተ ሁለት ዓመት ምንም አይደለም፣ አትደንግጥ።

ንድፉን በተመለከተ፦ ውድድሩን ያሸነፈው ኤይቶር ዳ ሲልቫ ኮስታ የሚባል መሐንዲስ ነው። የመጀመሪያ ሥዕሉ ላይ ክርስቶስ በአንድ እጁ ትልቅ መስቀል፣ በሌላው የዓለምን ሉል ይዞ ነበር። የከተማው ሰው አይቶ «ባለ ኳሱ ክርስቶስ» ብሎ ቀለደበት። ንድፉ ተቀየረና ዛሬ የምናየው፣ ራሱ መስቀል የሚመስለው፣ እጅ የተዘረጋው ቅርፅ መጣ። እስቲ አስበው፣ ያ ቀልድ ሐውልቱ ከቆመ በኋላ ቢመጣ ኖሮ! ሰው የሚስቅ ከሆነ በወረቀቱ ላይ ይሳቅ፣ ወረቀት መቅደድ ርካሽ ነው። እና በእኔ በኩል ንድፉ ከመዋጮው ጎን ለጎን ይሂድ ባይ ነኝ።

ሌላው ወጪ ነው። ሐውልቱ 30 ሜትር ነው፣ መቆሚያው ሌላ 8 ሜትር፣ እጆቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሜትር። ይሄን በአርማታ ሠሩት። ስሌቱን አልቤር ካኮ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሲያግዝ፣ ቅርፁን ፓሪስ ያለው ቀራፂ ፖል ላንዶቭስኪ ሠራ። ሲሚንቶና ፌሮው ደግሞ ከ1884 ጀምሮ ተራራውን በሚወጣው ባቡር ተጓጓዘ። ሐዲዱ ባይኖር ኖሮ የማጓጓዣው ወጪ ብቻ ይገድላቸው ነበር። ጠቅላላው በዚያን ጊዜ ብር ወደ 250,000 ዶላር ነው ይባላል። እናንተም ቦታ ስትመርጡ መኪና የሚገባበት ይሁን።

እትዬ_ከዲሲ፦
ልጄ፣ እሱ አርማታውን ነገረህ፣ እኔ ደግሞ ልብሱን ልንገርህ። አርማታው ራቁቱን ሲታይ ያስጠላል ብለው ከላይ የሳሙና ድንጋይ አለበሱት። ለስላሳ ነው፣ በቢላ ይቆረጣል፣ ግን ዝናብና ፀሐይ ቶሎ አያሰነጥቀውም። እሱን በትንንሽ ሦስት ማዕዘን ቆርጠው፣ የሪዮ ሴቶች ተሰብስበው ተቀምጠው አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ ይለጥፉ ነበር። በነፃ! ልክ እኛ ሰፌድ ስንሰፋ እንደምናወራው እያወሩ መሆን አለበት። እና ብዙዎቹ በድንጋዩ ጀርባ የሚወዱትን ሰው ስም ይጽፉበት ነበር። ጀርባው ተለጥፎ ስለሚቀር ማንም አያየውም። ግን ሴትዮዋ ታውቃለች፣ በቃ።

እኔ ስንት የመዋጮ እራት ላይ ተቀምጬአለሁ። ሰው ብር ሰጥቶ ደረሰኝ ሲቀበል ነገሩ እዚያው ያልቃል። እጁ ከገባበት ግን በዓመቱም «የት ደረሰ?» ብሎ ይደውላል። የናንተ ሐውልት ከድንጋይ ከሆነ፣ ሰዉ ድንጋዩን ራሱ ያምጣ፣ የአያቱንም ስም ይጻፍበት።

ሰነድ_አገላባጭ፦
እትዬ፣ አፍዎ ቁርጥ ይበልልኝ። ግን ጣፋጩን ብቻ ነው የነገራችሁት፣ መራራውንም ልጨምር። መዋጮ የማይበቃበትም አለ። አሜሪካ፣ የአራት ፕሬዚዳንቶች ፊት የተቀረፀበትን የራሽሞር ተራራን ተመልከት። ሥራው በ1927 ሲጀመር ቀራፂው ጉትዞን ቦርግለም አራቱን ፕሬዚዳንቶች እስከ ወገባቸው ሊያወጣቸው ነበር ያሰበው። የግል መዋጮው አዘገመ። በ1929 ኮንግረስ ሕግ አወጣ፦ እናንተ አንድ ዶላር ካመጣችሁ መንግሥት አንድ ይጨምራል፣ እስከ 250,000 ዶላር። ብልህ አሠራር ይመስላል፤ የኢኮኖሚው ቀውስ መጣና ሰው ከየት አምጥቶ ይስጥ? መጨረሻ ላይ ወጪው ወደ 990,000 ዶላር ደረሰ፣ አብዛኛውን የከፈለው መንግሥት ነው። በ1941 ሥራው ሲቆም ወገብ የለ፣ ደረት የለ፣ ጭንቅላት ብቻ ሆኖ ቀረ። ጄፈርሰንን ደግሞ በዋሽንግተን ቀኝ ቀርፀው ቀርፀው ድንጋዩ አልሆን ሲል በድማሚት አፍርሰው በግራው እንደ አዲስ ጀመሩት። እንዲህ ያለውን ኪሳራ በመዋጮ ብር ብታደርገው የሰፈሩ ሰው ዓይንህን አያይም።

ደግሞም በዚያው ዘመን የእኛው የምኒልክ ሐውልት አለ። ጥቅምት 22 ቀን 1923 በእኛ አቆጣጠር፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ፣ የውጭ እንግዶች በተሰበሰቡበት ተመረቀ። ጣሊያን ሲገባ አነሳው፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ሪዮዎቹ ብር የለመኑት በፈረንጅ 1923 ነው፣ የእኛም የተመረቀው በእኛው 1923 ነው፣ ግን በመሀሉ ሰባት ዓመት አለ። ቀድሜ የምናገረው አንድ ሰው «በአንድ ዓመት ነው» ብሎ ከመጨቃጨቁ በፊት ነው።

ገንዘብ_ያዡ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እሁድ ሦስት ነገር ይዤ እገባለሁ፦ መጀመሪያ የቦታ ፈቃድ ደብዳቤ፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰው የሚስቅበት ንድፍ፣ ከዚያ የእትዬ ድንጋይ። ሊቀመንበራችን ስለ ድንጋዩ ሲሰማ የሚያደርገውን ፊት ከአሁኑ ይታየኛል። አንድ ነገር ብቻ፣ ከቆመ በኋላ ለጥገና የሚሆን ብር ማስቀመጥ የግድ ነው?

አርማታ_ብቻ፦
የግድ ነው። የሪዮው በ2014 መብረቅ መትቶት የቀኝ እጁ አውራ ጣት ተሰብሯል። ደጋግሞ ይመታዋል፣ ደጋግመው ይጠግኑታል። የእናንተ ስንት ሜትር ነው?

ገንዘብ_ያዡ፦
አራት።

አርማታ_ብቻ፦
ታዲያ የሚያሰጋችሁ መብረቅ ሳይሆን ፍየል ነው። አጥሩን በጀት ውስጥ አስገባው።