ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ለምትፈልጉ፦ ዲግሪ ወይስ የኦንላይን ሰርተፍኬት?

«ዲግሪ ልማር ወይስ ኦንላይን ኮርስ ልውሰድ?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ መጀመሪያ የት እንደምታመለክቱ ለዩ። አሠሪ ሁሉ አንድ አይደለም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ነገሩ ያለቀ ነው። ማስታወቂያው የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ መዝጋቢውም የሚያየው እሱን ነው። የኦንላይን ሰርተፍኬት ቢከመር የዲግሪን ቦታ አይሞላም። ባንኮችም መጀመሪያ ዲግሪና ውጤት ያያሉ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ስለዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች፣ በኮርስ ጉጉት ትምህርታችሁን እንዳታቋርጡ። እባካችሁ።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎቹ ፋብሪካዎች ለኤሌክትሪሽያን ወይም ለማሽን ጥገና ሲቀጥሩ የቴክኒክና ሙያ ደረጃና ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ክብደት አለው። በቪዲዮ ብቻ የተማረን ሰው ማሽን አያስነኩም፤ ልክም ናቸው። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሲኦሲ ምዘና የተዘረጋው ኮሌጅ ለገባ ብቻ አይደለም። ሙያውን በሥራ ላይ ወይም በራሱ ጥረት የለመደም እንዲመዘን ታስቦ ነው። እጃችሁ ላይ ሙያ ካለ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ የምጠቁማችሁ ይሄንን ነው።

የግል ድርጅት፣ ሆቴሉ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ፒያሳ ያለው ኮምፒውተር ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ባለቤቱ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ «እስቲ ቁጭ በልና ሥራልኝ» ይላል። ኤክሴል ላይ ደመወዝ መሥራት፣ ፒችትሪ ላይ ሒሳብ መመዝገብ፣ አንድ ባነር ዲዛይን ማድረግ። እዚያች ወንበር ላይ የቻለ ይቀጠራል። የኦንላይን ትምህርት ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው፤ ከርቀት ለሚሠራ ሥራም እንደዚሁ።

የትኛውን ኮርስ ካላችሁ፣ ለጀማሪ በ2016 የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኮደርስ» ጥሩ ነው። ነፃ ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና አንድሮይድ አለው። ብዙ ወጣት ስለሚወስደው ግን ብቻውን ከሌላው አይለያችሁም። ዌብሳይት መሥራት ለሚፈልግ ፍሪኮድካምፕን አስበልጣለሁ። እሱም ነፃ ነው፤ ሰርተፍኬቱን ለማግኘት ፕሮጀክት ሠርታችሁ ማቅረብ አለባችሁ። ያ ፕሮጀክት ቃለ መጠይቅ ላይ የሚታይ ነገር ይሆናችኋል። ኮርሴራ እንደ ጉግል ያሉ ስማቸው የታወቀ ድርጅቶች ኮርስ አለው፤ ችግሩ የዶላር ክፍያው ነው። አብሽሩ፣ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ አለው፤ ጊዜ ወስዳችሁ በደንብ ሙሉት። ኔትወርክ ለሚወድ ሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ አለ። ኮርሱን መጨረስና ሲሲኤንኤ የሚባለውን የሲስኮ የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ማለፍ ግን ለየቅል ናቸው። ሙያውን የሚያውቅ አሠሪ ሁለቱን ይለያል፤ ሲቪያችሁ ላይ አታደባልቁ።

አካውንቲንግ ተመርቃችሁ ሥራ የምትጠብቁ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ከመጀመራችሁ በፊት ኤክሴልን ጠንቅቃችሁ ያዙ። ሲቪ ላይ ከሥራው ጋር የሚሄዱትን ሁለት ወይም ሦስት ሰርተፍኬቶች ብቻ ጻፉ፤ ማረጋገጫ ሊንካቸውንም አብራችሁ አስቀምጡ። አሠሪው ራሱ ከፍቶ ይየው።