በነጻ የሚደመጥ ዘፈን ለአርቲስቱ ከየት ይከፈለዋል?

አዘዞ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር የተቀረጸ አንድ የማሲንቆ ነጠላ ዜማ አልቆ ተቀምጧል። ዜማው የቆየ የሕዝብ ነው፤ ግጥሙ አዲስ። ስፖቲፋይ በሚባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ ማድመጫ ላይ ሰው በነጻ የሚሰማው ከሆነ ብሩ ከየት ይመጣል? ከመለቀቁ በፊትስ ምን ይስተካከል?

ቅንብር፦ ነጻነቱ ለአድማጩ ነው፤ ከፋዩ በየመሃሉ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ድርጅት ነው። «ለአንድ ጊዜ ይህን ያህል» የሚባል የተቆረጠ ዋጋ የለም። የወሩ ገቢ ይሰበሰባል፣ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ለባለመብቶች ይወጣል፣ እነሱም በተደመጡት ልክ ይካፈሉታል። ስሌቱ በየአገሩ ስለሆነ ዋሽንግተን ሆኖ በየወሩ የሚከፍል አድማጭ እዚህ በነጻ ከሚሰማው ብዙ እጥፍ ያስገባል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። 30 ሰከንድ ያልሞላ አይቆጠርም፤ የማሲንቆው መግቢያ አንድ ደቂቃ ከሆነ ብዙ ሰው ሳይቆጠር ያልፈዋል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በ12 ወር 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ለቅጂው (ለተቀረጸው ድምፅ) ባለቤት ምንም አያስገኝም። ቁጥር ልግዛ ማለት ግን አይታሰብ፤ ሲታወቅ ዘፈኑ ሊነሳ ይችላል።

ፒያሳ ማዶ፦ እኔ ከወረቀቱ ልጀምር። የቅጂው መብት ሌላ፣ የግጥሙ ሌላ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለዘፋኙና ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅ የየራሳቸውን መብት ይሰጣል። ግጥም፣ ቅንብር፣ ማሲንቆ፣ ድምፅ፦ ማን ስንት በመቶ እንደሚወስድ ሳይለቀቅ በፊት ተፈራረሙ። አከፋፋዩ፣ ማለትም ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ የሚያደርሰው ድርጅት፣ የሚልከው የቅጂውን ድርሻ ብቻ ነው፤ የግጥም ደራሲው ድርሻ በሌላ መስመር ካልተመዘገበ ሳይሰበሰብ ይቀራል።

ከአከፋፋዮቹ ዲስትሮኪድ በየዓመቱ ያስከፍላል፤ ክፍያው ከተቋረጠ ዘፈኑ ሊወርድ ይችላል። ሲዲ ቤቢ አንዴ ተቀብሎ ከገቢው 9 በመቶ ይቆርጣል። የዘፋኙን ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ ምረጡለትና አትቀያይሩ፤ አለዚያ ዘፈኑ የሌላ ሰው ገጽ ላይ ይወጣል። አከፋፋይ ከቀየራችሁ የቅጂው መለያ የሆነውን ባለ12 ፊደልና ቁጥር የአይኤስአርሲ ኮድ ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲስ ከተሰጠው የድሮው ቆጠራ ላይከተለው ይችላል።

ባለክራር፦ የሕዝብ ዜማ ዋናው ራስ ምታት ዩቲዩብ ላይ ነው። ያንኑ ዜማ ቀድሞ ያስመዘገበ ካለ «የእኔ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይመጣል። የተጠየቀው ቅጂው ነው ወይስ ዜማው? መጀመሪያ እሱን አንብቡ። በ5 ቀን ውስጥ ከተቃወማችሁ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተይዞ ይቆያል፤ ጠያቂው ለመመለስ 30 ቀን አለው። እናንተም ብትሆኑ የአገር ዜማ ላይ በአከፋፋዩ ቅጽ ያለው የኮንተንት አይዲ (ዩቲዩብ ተመሳሳይ ድምፅ የሚለይበት ሥርዓት) ሳጥን ላይ ምልክት አታድርጉ፤ የሌላውን አዝማሪ ቪዲዮ ሁሉ መክሰስ ይጀምራል።

አዘዞ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ከስቱዲዮ የመጣው ፋይል ኤምፒ3 ነው፤ ይበቃል?

ቅንብር፦ አይበቃም። ዋቭ (ድምፁ ያልተጨመቀ ፋይል) ጠይቁ፣ 16 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ ቢያንስ። ኤምፒ3ውን ወደ ዋቭ ብትቀይሩት የተቆረጠው ድምፅ አይመለስም። ሽፋኑ 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን፤ ስልክ ቁጥር ወይም የቴሌግራም አድራሻ ካለበት ይመልሱታል። የእኛ ሰው ደግሞ ስልክ ሳይጽፍበት አይሆንለትም።