አስቸኳይ! ከአሜሪካ የመጣ የቢትልስ ፊልም ዲስክ አልጫወት አለኝ

ሮዚ (ጠያቂ)
ሰላም ቤቶች፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ዲስኩ አልጫወት አለኝ። ማታ 1 ሰዓት እንግዶች ይመጣሉ። የአባዬን 75ኛ ዓመት ልናከብር ነው፣ ትልቁ ስጦታ ደግሞ ይሄ ዲስክ ነበር። «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» ነው፣ የቢትልሶች የ1964ቱ ፊልም፣ አዲስ የታደሰው። አባዬ ሸክላውን አዲስ አበባ ትቶት ነው የወጣው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለ። አንዱን ሳስገባ ማጫወቻው እያጉረመረመ ይቆይና ይተፋዋል። ሌላውን ሳስገባ የሆነ ጽሑፍ ያወጣና ስክሪኑ ይጠቁራል። ሁለቱም እንዴት አንድ ላይ ይበላሻሉ? ቶሎ በሉልኝ!

ቲቲ
በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ክብ እየዞርሽ እንዳይሆን፣ ከመሀል ወደ ዳር ነው። እኔ ጋ ሁሌ ይሠራል።

ጋሽ አምፖል
ልጄ፣ መጀመሪያ አጠያየቅ እንማር። «የሆነ ጽሑፍ» ማለት ምን ማለት ነው? ሐኪም ቤት ሄደሽ «የሆነ ቦታ ያመኛል» ትያለሽ? የት አገር ነሽ? ዲስኩ ከየት ተገዛ? ማጫወቻው ምን ዓይነት ነው? ይሄ ሳይታወቅ የሚመልስልሽ ሁሉ ጠንቋይ ነው።

ዳኒ ቦይ
1 ሰዓት በሐበሻ ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ ኬኩ ተበልቶ አልቋል።

ሮዚ
በሐበሻ! ጋሼ ይቅርታ፣ ተቻኩዬ ነው። ፍራንክፈርት ነኝ። ዲስኩን ወንድሜ ከሜሪላንድ ነው የላከልኝ። ማጫወቻው ተራ የቤት ብሉ-ሬይ ነው፣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ እስከ ዛሬ አስቸግሮኝ አያውቅም። ጽሑፉ በጀርመንኛ ነው፣ ስለ አገር ኮድ ምናምን ይላል። ቲቲዬ ጠርጌዋለሁ፣ ያው ነው።

ጋሽ አምፖል
ይኸው፣ ተገኘ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን የምስል ሥርዓት ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነበር፣ የአብዛኛው አውሮፓ ደግሞ ፓል። ፊልም የሚቀረጸው በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ሥዕል ነው። አውሮፓ ደግሞ ለፓል እንዲመች በሴኮንድ 25 አድርጎ ያስሮጠው ነበር። ስለዚህ የ87 ደቂቃ ፊልም እዚያ 83 ደቂቃ ተኩል ላይ ያልቅ ነበር፣ ዘፋኞቹም ድምፃቸው ትንሽ ይቀጥን ነበር። እኔ በ90ዎቹ አንድ የሙዚቃ ካሴት ከአሜሪካ አስመጥቼ...

ኪያ
ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፣ ግን የቪዲዮ ካሴትና የዲቪዲ ታሪክ ነው። ብሉ-ሬይ ፊልሙን በ24ቱ ነው የሚይዘው። የሮዚ ችግር ሌላ ነው።

ማሩ
እኔ የማይገባኝ፣ ለምን ዲስክ? በዚህ ዘመን ዲስክ የሚገዛ ሰው አለ እንዴ? ስልክሽ ላይ ክፈቺና ቲቪው ላይ ወርውሪው።

ሮዚ
ማሩ፣ ስጦታ ነው አልኩህ እኮ። ሳጥኑ ላይ ሪባን አስሬበታለሁ። አባዬ ስልክ ይፍታ ወይ?

ኪያ
ሮዚ፣ ዲስኮቹ አልተበላሹም። ሁለቱ ዲስኮች የማይጫወቱት በሁለት የተለያየ ምክንያት ነው፣ አንድ ላይ ስለሆኑ ነው ያደናገሩሽ። ተረጋጊና አንብቢ።

የብሉ-ሬይ ዲስክ ዓለምን በሦስት ይከፍላል። አሜሪካ ከጃፓንና ከኮሪያ ጋር «ኤ» ውስጥ ነው። አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ «ቢ» ናቸው። ቻይናና ሩሲያ «ሲ»። ዲስኩ ላይ «ኤ» ተብሎ ከተቆለፈ ፍራንክፈርት የተገዛ ማጫወቻ አይከፍተውም። ያ ጽሑፍ የሚያወጣው ዲስክሽ ይሄ ነው። ብትጠርጊውም ብታጥቢውም ለውጥ የለውም።

ሌላው፣ ማጫወቻው የሚተፋው፣ 4ኬ አልትራ ኤችዲ ዲስክ ነው፣ ከተራው ብሉ-ሬይ ይበልጥ ጥርት ያለ ምስል የሚይዝ። በ2022 የወጣው የአሜሪካ እትም ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚሸጠው። 4ኬውን ተራ የብሉ-ሬይ ማጫወቻ ጨርሶ ማንበብ አይችልም። ደስ የሚለው ግን 4ኬ ዲስክ የአገር ቁልፍ የለውም! አሜሪካ ተገዛ፣ ጃፓን ተገዛ፣ የትም ይሠራል። አንቺን የሚያስፈልግሽ 4ኬ ማጫወቻ ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 የሚባለው የጌም ማሽንም ያጫውተዋል፣ ቤተሰብ ውስጥ እሱ ያለው ልጅ የለም?

ዳኒ ቦይ
ዲስክ እንኳ ቪዛ ይጠየቃል በሉኛ።

አስቴር ቢ.
እኔ የምለው፣ «አዲስ የታደሰው» ስትይ ግን ምን መስሎሽ ነው? ቀለም ያለው መስሎሽ እንዳይሆን። ሰው እየጠራሽ ነው፣ በኋላ እንዳታፍሪ ብዬ ነው።

ሮዚ
ምን?! ጥቁርና ነጭ ነው? ሽፋኑ ላይ 4ኬ ይላል እኮ!

ጋሽ አምፖል
እዚህ ላይ ልናገር፣ ይሄንን በደንብ አውቀዋለሁ። ማደስ ማለት ቀለም መቀባት አይደለም። ሪቻርድ ሌስተር ፊልሙን በ1964 የጸደይ ወራት ሲቀርጽ በጥቁርና ነጭ ነው የቀረጸው፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለንደን ታየ፣ በእኛ 1956 ሰኔ ማለቂያ መሆኑ ነው። አዳሾቹ የሠሩት ዋናውን 35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ አንድ በአንድ በ4ኬ መቃኘት ነው። ኔጋቲቩም ሙሉ አልነበረም፣ የጎደለውን ክፍል ከሌሎች ጥሩ ቅጂዎች ነው የሞሉት። ከዚያ ጭረቱን፣ አቧራውን፣ ብልጭታውን አነሱ። ሌስተር ራሱ አይቶ አጽድቆታል። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ሆኖ ታያለሽ። መጀመሪያ ላይ ልጃገረዶቹ ሲያሳድዷቸው የጆርጅ ሱፍ ላይ ያለውን ክር ትቆጥሪያለሽ። በአባትሽ ልጅነት እንዲህ ጥርት ብሎ ያየው ሰው የለም፣ እመኚኝ።

ኪያ
ጋሼ እዚህ ላይ እጅ ነሥቻለሁ። አንድ ልጨምር፣ ድምፁ ሦስት ምርጫ አለው። የድሮው ሞኖ (ድምፁ በአንድ መስመር የሚመጣ)፣ አዲስ ስቴሪዮ (በሁለት መስመር) እና 5.1 (ከዙሪያ የሚመጣ)። አዲሶቹን አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ የተከታተለው ጃይልስ ማርቲን ነው፣ የፕሮዲውሰራቸው የጆርጅ ማርቲን ልጅ። ሮዚ፣ ለአባትሽ ሞኖውን አድርጊለት። ሸክላው ያን ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሰማው።

ማሩ
5.1 እያለ ሞኖ? ሰዎች ጤና ናችሁ?

ኪያ
ማሩ፣ የልደቱ ባለቤት አንተ አይደለህም።

ቲቲ
ጨርቁ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ?

ሰለሞን ኤም.
ፊልሙ ላይ የፖል አያት የሚባል ሽማግሌ አለ። ያየው ሁሉ «ንጹሕ ነው» ይለዋል። ያንቺም ዲስክ እንደሱ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን አስቸጋሪ። ቲቲ ተይው።

ቢኒ
ሮዚ፣ ሪሞቱ ላይ ምሥጢራዊ ቁጥር እየነካሽ ቁልፉን የምትፈቺበት መንገድ አለ። ኢንተርኔት ላይ ፈልጊው።

ኪያ
ቢኒ፣ ያ ዘዴ ለብዙ የድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ሠርቷል። ለብሉ-ሬይ ግን ከስንት አንዱ ነው፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ የሚሞከር አይደለም።

ሮዚ
ኪያዬ ነፍሴን አዳንሽኝ! የእህቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን 5 አለው። ይዞ እየመጣ ነው። ዶሮ ወጡ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ኪያ
ጎሽ። 4ኬ የሚለውን ዲስክ ነው የምታስገቢው እሺ? ሌላውን ፕሌይስቴሽኑም አይከፍተውም፣ እሱም የአውሮፓ ነው። ደግሞ ልጁ ያለው 5 መሆኑን አረጋግጪ፣ 4 ከሆነ 4ኬ ዲስክ አያነብም።

ዳኒ ቦይ
ፕሌይስቴሽን 4፣ 4ኬ አያነብም። ይሄን ማን ነው ያሰበው?

ሮዚ
መጣ። 5 ነው። ግን ዲስክ ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም!!! ዙሪያውን አየነው። ልጁ «አክስቴ እኔ እኮ ጌም የማወርደው በኢንተርኔት ነው» ይለኛል። ላልቅስ ነው። 50 ደቂቃ ቀረኝ።

ጋሽ አምፖል
ቅድም ምን አልኩ? መጀመሪያ አጠያየቅ።

ሰለሞን ኤም.
ጋሼ አሁን አይደለም። ሮዚ፣ ጎረቤት ኤክስቦክስ ያለው ሰው ፈልጊ። ሲሪስ ኤክስ የሚባለው ትልቁ ጥቁር 4ኬ ዲስክ ያጫውታል። ትንሹ ነጩ ኤስ ቀዳዳ የለውም፣ እሱን ይዘሽ እንዳትመጪ።

አስቴር ቢ.
ካልሆነ ግን ሳጥኑን ከነሪባኑ ስጪው፣ ዘፈኖቹን ከስልክ ክፈቺለት፣ ፊልሙን ቅዳሜ ታያላችሁ። አባት እኮ ነው፣ ዲስክ ፈታኝ መሰለሽ እንዴ።

ሮዚ
ፎቅ ላይ ያለው ልጅ ኤክስቦክስ አለው አሉኝ። ኤክስ ይሁን ኤስ የሚያውቅ የለም። ደረጃ እየወጣሁ ነው።

ዳኒ ቦይ
ቀዳዳውን አይተሽ ነው ሰላም የምትይው።

ሄለን ጂ.
ይቅርታ መሀል ገባሁ። እኔ ከሲያትል ለክረምት አዲስ አበባ ልሄድ ነው፣ ለአጎቴ ይሄንኑ ፊልም ልወስድለት አስቤ ነበር። ብሉ-ሬይ ማጫወቻ አለው፣ እዚያው የተገዛ። ልተወው?

ኪያ
ሄለንዬ፣ የአሜሪካውን አትውሰጂ። ኢትዮጵያ በብሉ-ሬይ ከአውሮፓ ጋር «ቢ» ናት። እንግሊዝ አገር በ2014 ለ50ኛ ዓመቱ የታደሰው ብሉ-ሬይ ወጥቷል፣ እሱን አስገዢ። ዲቪዲ ላይ ግን ሌላ ነው፣ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። ስለዚህ የአጎትሽ ማጫወቻ ዲቪዲ ብቻ ከሆነ ሁሉን አገር የሚከፍት መሆኑን ቀድመሽ ጠይቂ።

ሄለን ጂ.
እግዜር ይስጥልኝ። ሮዚስ?

ሰለሞን ኤም.
ከ1 ሰዓት በኋላ አልጻፈችም።

ማሩ
ወይ እየዘፈኑ ነው፣ ወይ ደረጃ ላይ ናት።

ቲቲ
ሮዚ ስትመለሺ ንገሪኝ፣ የመነጽር ጨርቅ ነበር የተጠቀምሽው?