በቅርስ ቤት ግቢ ውስጥ የሩጫ መም ይወጣል?

ጥያቄ
የግል ትምህርት ቤታችን ያለው በቅርስነት በተመዘገበ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነው። ከቤቱ ጀርባ 95 በ45 ሜትር የሆነ የሣር ሜዳ አለ፤ መቆፈርም ሆነ ግድግዳ መብሳት አይፈቀድም። መም ይወጣዋል? ፎቅ ላይ ያለውን የግብዣ አዳራሽስ ለስፖርት ብናውለው? ወለሉ እንጨት ነው።

መልስ 1
ባለ 400 ሜትሩን እርሱት፤ በስምንት ረድፍ 177 በ93 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ባለ 200 ሜትር መም ግን በአራት ረድፍ ይገባል፦ ሁለት ቀጥታ 50፣ 50 ሜትር፣ ሁለቱ ኩርባዎች ተደምረው 100።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኩርባው ላይ ነው። ጠርዙ ከፍ ያለ ካልሆነና መስመር ብቻ ከተሰመረ፣ ርቀቱ የሚለካው ከመስመሩ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ነው። ስለዚህ የሩጫው ራዲየስ 15.915 ሜትር ሲሆን የምታሰምሩት በ15.715 ነው። ይህን የዘነጋ ሯጮቹን በየዙሩ 1.26 ሜትር ትርፍ ያስሮጣል።

መጀመሪያ 50 በ31.43 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በችካል ያዙ። ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ስትለኩ ሁለቱም 59.06 ካልመጡ ተንጋዷል። ከዚያ የአጭሩ ጎን መሀል ላይ ችካል ተክላችሁ ኩርባውን በብረት ሜትር አዙሩ። ሲባጎ ስለሚሳብ አይታመንም። የረድፉ ስፋት 1.22 ሜትር ነው። ለአንድ ሙሉ ዙር የሁለተኛው ረድፍ መነሻ 7.67፣ የሦስተኛው 15.33፣ የአራተኛው 23 ሜትር ወደፊት ይወጣል።

ዳር ዳሩን የሚተርፈው 1.9 ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ዛፍ ወይም የድንጋይ ደረጃ ካለ አራተኛውን ረድፍ ተዉት።

መልስ 2
አዳራሹ ውስጥ ገመድ ዝላይና ኤሮቢክስ አይሁን። ጣጣው ከክብደቱ ይልቅ ምቱ ነው፦ ልጆች በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ እኩል ሲዘሉ፣ ረጅም አግዳሚ ያለው የእንጨት ወለል ከምቱ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ከሥር ያለው የጣሪያ ልስን ነው፤ በቅርስ ቤት ደግሞ ውዱ ነገር እሱ ነው። ቅርጫት ኳስም 7 ሜትር ነጻ ከፍታ ስለሚፈልግ አይሆንም።

ጠረጴዛ ቴኒስ ያዋጣል። ጠረጴዛው 2.74 በ1.525 ሜትር ነው፤ ከእግሮቹ ሥር ኮምፔንሳቶ አድርጉ። የጎማ ምንጣፍ ሰም በተቀባ ወለል ላይ በቀጥታ አታንጥፉ፤ ቀለሙን ያበላሻል፣ እርጥበትም ያፍናል።

መልስ 3
ለአጭር ርቀት 100 ሜትር አትሞክሩ። ከመነሻው ኋላ 3፣ ከመጨረሻው ወዲያ 17 ሜትር መቆሚያ ስለሚያስፈልግ አንዱን ቀጥታ ወደ ሁለቱም ጫፍ አስረዝማችሁ 60 ሜትር አድርጉት። መስመሩንም በኖራ አታስምሩ፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። በውኃ የሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ይሻላል፤ ሣሩ ሲታጨድ አብሮ ስለሚሄድ ግን ደጋግሞ መቀባት አለ።