ከቀለም ሥር የተደበቀ ስቱኮና ዝገት፦ የመኪናዬን በር ልጠግን ወይስ ልቀይር?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለች የ2003 ቪትዝ በደላላ ገዛሁ። ሞተሩንና ካምቢዮውን መካኒክ አይቶልኛል፣ ደህና ናቸው። ስም ካዞርኩ በኋላ ግን የግራ የኋላ በር ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ አበጠ። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ተላጠ፤ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ)፣ ከስቱኮውም ሥር ላሜራውን የበላ ዝገት። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞከርኩ፤ ጣሪያው ላይ ጥብቅ ይላል፣ በሩ ላይ ግን ስቱኮው ወፍራም ስለሆነ ይወድቃል። ሻጩ «አይተህ ነው የገዛኸው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ፣ በጣም ነው ያናደደኝ። አንዱ ላሜራ ሠሪ የዛገው ተቆርጦ አዲስ ይበየድ ይላል፤ ሌላው ብየዳው ከውስጥ በኩል ተመልሶ ይዝጋል ባይ ነው። ይህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ብየዳው ይበረክታል ወይስ በሩን ባገለገለ ኦርጅናል በር መቀየር ይሻለኛል?